ከበሩ ሥር የሚቀመጠው

አምሐ ጎፋ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከከፈተ ወዲህ ያን ሰውዬ ከበሩ ሥር በቀር ሌላ ቦታ ተቀምጦ አይቶት አያውቅም። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ቀበቶው ላይ ቁልፍ የሌለው የቁልፍ ማንጠልጠያ አለ። በሩ እንዳይዘጋ በእግሩ ይደግፈዋል። ተመልካቹ ብርሃን ገባብን ብሎ ቢጮህበት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የታየው አስፈሪ ፊልም ከልብ ወለድ የተወሰደ ነበር። መጽሐፉ ላይ ምድር ቤት የተቆለፈባቸው ልጆች ያልቃሉ፤ ፊልሙ ላይ ግን ዘበኛው ደርሶ ከፈተላቸውና እየተሯሯጡ ወጡ።

“ታሪኩን ገደል ከተቱት እኮ” አሉ መጽሐፉን ያነበቡት። ያላነበቡት አጨበጨቡ። እየተጨቃጨቁ ሲወጡ ሰውየው ብቻ ቀረ።

“ልጄ፣ በሩ የሚከፈትበትን መልስልኝ እስቲ።”

አምሐ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነለት። ልጆቹ እንደገና ወጡ። የሰውየው ቀኝ እጅ አየር ላይ ቁልፍ ሲያዞር ለራሱም አልታወቀውም።

“የቱ ይሻላል ጋሼ፣ የመጽሐፉ ወይስ የፊልሙ?”

“የፊልሙ” አለ ሰውየው፣ እግሩን ከበሩ ሳያነሳ። “እኛ ዘበኞቹ ስንከፍት በሕይወት የወጣ አልነበረም።”