በካርቱን የተማለ ፍቺ

"ወላሂ፣ ይሄ አኒሜ ካልሆነ ሚስቴ ዘሃራ የተፈታች ትሁን!"

ጓደኛዬ ጀማል ነው፤ ዛሬ በርጫ ላይ፣ እዚሁ ጭሮ።

የዘሃራ ወንድም አጠገቡ ተቀምጧል።

ነገሩ የተነሳው የጀማል ልጆች በሚያዩት፣ አሻንጉሊት ለመሸጥ በተሠራ የሮቦት ካርቱን ነው። አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ነው፤ የዚህኛው ግን ድርሰቱ የአሜሪካ፣ ሥዕሉ የጃፓን። "አኒሜ አይደለም" ብዬ ያናደድኩት እኔ ነኝ። (ምርቃና ላይ የማያጣላ ነገር የለም።)

ወንድሟ ብድግ ብሎ ወጣ። ተከትለነው ጀማል ቤት ስንደርስ ዘሃራ ከእሱ ሰምታ በሩን ቆልፋለች።

"ሼኹን እንጠይቃለን! አኒሜ ከሆነ እኮ ምንም አልተፈጠረም!" አለ ጀማል።

"አኒሜውን ተወው" አለችው ከውስጥ። "ሚስቱን በካርቱን የሚያስይዝ ሰው ባል መሆኑን ጠይቅልኝ።"

ጀማል አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

እናንተ ሰፈርስ በእንዲህ ያለ ነገር ትዳር ተናግቶ ያውቃል? ምን ብላችሁ አስታረቃችሁ?