ስለ ራሴ የምናገርባት ደቂቃ

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ መግቢያው ላይ፣ ከኤሌቬተሩ ፊት ለፊት፣ ባዶ ክፍል ነበረው። ያኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማዬ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ለልደትና ለክርስትና አስረክባለሁ። ወገቤ አልጋ ማንጠፍ በቃኝ ብሎኛል። ያችን ክፍል ምሳ መሸጫ ላደርጋት ቋምጫለሁ። የሕንፃው ኃላፊ ግን ክፍሏን የፈለገ ሁሉ ቀርቦ ሥራውን በአንድ ደቂቃ እንዲያስረዳት ትፈልጋለች።

በሰፈራችን ላይብረሪ ለትናንሽ ነጋዴዎች ነጻ ትምህርት ነበርና ተመዘገብኩ።

«ኤሌቬተሩ ላይኛው ፎቅ እስኪደርስ ነው ጊዜሽ» አለኝ አስተማሪው። «ማን ነሽ? ምን ትሸጫለሽ? ለምንስ ካንቺ ይግዙ?»

ሁለቱን ተወጣሁ። ሦስተኛውን ግን እንዲህ መለስኩ፦

«ያው… እንሞክራለን።»

«ይጣፍጣል ወይስ አይጣፍጥም?»

«የበሉት ይፍረዱ።»

ሰውየው ራሱን ያዘ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ሲቆርሱ ነው እንጂ ሲናገሩማ ሌላ ነው። እናቴ ራሱን የሚያሞግስ እንግዳ ሲመጣባት ዓይኗን ጣራው ላይ ትተክል ነበር። እንዲህ ያደገ ሰው፣ ጉራ ንፋ ሲሉት ከየት ያመጣዋል?

እኛ አገር ለትዳር እንኳ ሽማግሌ ነው የሚላከው። እኔም ሽማግሌ ያዝኩ፤ ጎረቤቴን። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ሌላ ሰው ከሆነ ምላሷ አይጣል ነው።

«አንቺ ዝም በይ፣ ያችን አንድ ደቂቃ እኔ ተናግሬ ፒች አደርግልሻለሁ» አለችኝ።

ኃላፊዋ ፊት ስንቀርብ አደረገችም። ስለ ሳምቡሳዬ የተናገረችውን እኔው ባለቤቷ እንኳ ለማመን ቸገረኝ። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ እንኳ ምንም፤ ልብስ እነካካለሁ» ብላ አቀረቀረች።

ደሜ ፈላ። የሙሽራ ቀሚስ ፈታ እንደ አዲስ የምትገጥም ሴት «እነካካለሁ» ትላለች? የለበስኩትን ካፖርት አወለቅኩት። ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በእጥፍ ሰፍቶኝ የገዛሁት ነው፤ በልኬ ያደረገችው እሷ ናት። ገልብጬ ለኃላፊዋ ሰጠኋትና «የተነካበትን ቦታ ፈልጊ!» አልኳት። ፈለገች፤ አጣችው። እኔም ቀጠልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በሳምንቱ ተደወለ። ክፍሏ ለልብስ ሰፊዋ ተሰጠች።

ጎረቤቴ እያለቀሰች «ያንቺን አልወስድም» አለችኝ። «ውሰጂ» አልኳት፤ ከአንጀቴ ግን አልነበረም። ተናድጄ ነበር፤ በእሷም፣ በገዛ ምላሴም። ሱቋን ከፍታ ስልክ ስትደውል አላነሳሁም። እኔ አልጋዬን ማንጠፍ ቀጠልኩ፤ ብርዱ አለፈ።

የዚያው ካፖርት ገበር ባይተረተር ኖሮ ሱቋ አልሄድም ነበር። ለሌላ ሰፊ ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ስገባ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሱሪዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «በደንብ ታሳጥሪልኛለሽ?» ትላታለች።

«እሞክራለሁ» አለች ጎረቤቴ። ሴትየዋ ሱሪዋን መልሳ ማጣጠፍ ጀመረች።

አላስቻለኝም። «ትሞክራለች?» ብዬ ከበሩ ጀመርኩ፤ ካፖርቴንም እንደገና ገለበጥኩት። ስጨርስ ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለችኝ ሴትየዋ እየሳቀች።

«እኔ እንኳ ምንም፤ ሳምቡሳ ቢጤ እጠብሳለሁ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ! ይህች ሴት ልብስ ባመጣን ቁጥር ስለ ሳምቡሳሽ ትነግረናለች። ፎቃችን ሙሉ ለስብሰባ ማዘዝ ይፈልጋል። የት ጠፍተሽ ነው?»

ጎረቤቴ ከሱሪው ቀና ሳትል በአማርኛ፣ «ስንቴ ኮል አደረግኩሽ» አለችኝ፤ «አታነሺም እንጂ።»