ጋሼ ዛሬ እና የድልድዩ ቀን

በሬዲዮ ጣቢያው በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሼ ዛሬ» ነው የሚሉት። «ዛሬ በታሪክ» የምትባለውን አጭር ዝግጅት ማለዳ ማለዳ እያነበበ ፀጉሩ ሸብቷል። የአንዲት ቀን ሆድ ስንቱን እንደሚችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ንጉሥ ይሞትባታል፣ ክትባት ይገኝባታል፣ መርከብ ይሰምጥባታል፤ እሷ ግን ምንም እንዳልዋጠች ሁሉ በፀጥታ ትመሻለች።

ይህ እውቀት ፈሪ አድርጎታል። ሚስቱ «እኔን ያገባህ ቀን ምን ፈርሶ ይሆን?» እያለች ትቀልድበታለች። መልሱን ያውቀዋል፤ ነግሯት ግን አያውቅም።

የልጃቸው የልብ ቀዶ ጥገና የተቀጠረው በድልድዩ ቀን ሆነ። ከብዙ ዓመት በፊት በዚያች ቀን፣ ሠራተኞች የጫነ አውቶቡስ እያለፈበት የወንዙ ድልድይ ተደርምሷል። ሐኪሙን ቀን ለውጥልን ሊለው አስቦ አፈረና ተወው። ልጅቷ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገባ ሚስቱ «እዚህ ቆመህ አታስፈራኝ፤ ሥራህን ጨርሰህ ና» ብላ አባረረችው።

ስቱዲዮ ገብቶ የመጀመሪያው ባቡር በዚያች ቀን መግባቱን አነበበ፤ የአንድ ሠዓሊ ልደት አነበበ። ድልድዩ ላይ ደረሰ። ካነበበው ሞትን በስሙ የጠራው መሰለውና ዘለለው። ሙዚቃ ገባ።

የድምፅ ባለሙያዋ በሩን ገፋ አድርጋ ስልክ አቀበለችው። «ጋሼ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ካላገናኘሽኝ አልዘጋም ብለዋል።»

«የኔ ልጅ» አሉት ሴትየዋ፣ «ድልድዩ ዘንድሮ አልወደቀም እንዴ?»

«ይቅርታ እማማ፣ ሰዓት አጥሮን ነው።»

«ለባቡሩ በቅቷችሁ ነበር። ባሌ አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። ልጆቼ እንኳ ነገሩ ሰልችቷቸዋል፤ በዓመት አንዴ የሚያነሳልኝ አንተ ነህ።»

«ልጄ አሁን ቀዶ ጥገና ላይ ነች» አለ፣ ሳያስበው።

 «እግዜር ይማርልህ» አሉት ሴትየዋ። «ተወው እንግዲያ። አታንብበው።» ዘጉት።

ይህ «ተወው» ከወቀሳቸው በላይ ከበደው። ሙዚቃው ሲያልቅ ቀዩ መብራት በራ። ወረቀቱ ማይክሮፎኑ ላይ እየተንኮሻኮሸ፣ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ አውቶቡሱን፣ አንድም ሳያስቀር አነበበ።

ሆስፒታል ሲደርስ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። «ሰማሁህ» አለችው። «ምነው ዛሬን ብትዘለው?»

«ዘልዬው ነበር።»

ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ ነርሷ ወጥታ ስትጠራቸው ሚስቱ ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

«ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ ልቧ በራሱ እየመታ ነው» አለች ነርሷ። «እስክትነቃ ግን መጠበቅ አለብን።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቀኑ ለመምሸት ብዙ ይቀረዋል።