ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው ስም

የልጄ ልጅ ቤዛ ሥራዋን የምትሠራው ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ያለችው ቤታችን ጠባብ ስለሆነች የምግብ ጠረጴዛውን ጥግ ይዛ፣ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ የሚሰካውን ነገር ሰክታ፣ ከማላያቸው ሰዎች ጋር ስታወራ ትውላለች። እኔም ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልርቅም። ከታች ከጋራዡ የሚመጣውን የመዶሻ ድምፅና የእሷን ወሬ እኩል እየሰማሁ አሸልባለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድ ነገር ስትናገር ሰምቼ ነቃሁ። ለአንድ ሆስፒታል የታካሚዎች መዝገብ እየሠሩ ነው። መዝገቡ ወረቀት አይደለም፤ ክላውድ የሚሉት፣ ሩቅ አገር ባለ የሰው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። በካርድ ቁጥር ሲጠይቁት ቶሎ ይመልሳል፤ በስም ሲጠይቁት ግን ሁሉንም አንድ በአንድ እያገላበጠ ይንቀራፈፋል። "በቃ ኢንዴክስ እንጨምርለት" አለቻቸው።

ስትጨርስ ኢንዴክስ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ማውጫ በሉት አባባ። ዋናው መዝገብ የተደረደረው በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥሩን ይዞ አይመጣም፤ ስሙን ይዞ ይመጣል፣ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ለየጥያቄው ለብቻው ማውጫ እንሠራለታለን።"

"ስንት ሠራችሁ?"

"አምስት።"

አምስት ስትል ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ አምስት ሠርቼ ነበር።

ካዛንቺስ ውስጥ የኪራይ ቤቶችን ጉዳይ የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ መዝገብ ቤቱ የቀጠረኝ የእጅ ጽሑፌን አይቶ ነው። ክፍላችን ምድር ቤት ስለነበር ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፤ ወረቀቱ እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ ይሸታል። አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቁጡ መስለው ደግ የነበሩ ሰው ናቸው።

ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጡት እንደ አመጣጣቸው፣ በቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ባለጉዳይ ግን አይቼ አላውቅም። ሰው የሚመጣው "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር" እያለ ነው። በዚህ ከተማ ቤቱን በቁጥር የሚያውቅ ማን አለ? ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሰው በስልክ አቅጣጫ ሲናገር ያው ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ሆነ እንጂ አነጋገሩ አልተለወጠም። እናም ጋሽ ወልዴና እኔ መሰላል ላይ ተንጠላጥለን አንድ በአንድ እንገልጥ ነበር። አንድ ፋይል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለጉዳይ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይውላል።

ይህን አይቼ በራሴ ሐሳብ የስም ማውጫ ደብተር ከፈትኩ። ታደሰ ከበደ የሚባለው ሰው ብዛቱ አስቸገረኝና የሰፈር ምልክት ደብተር ጨመርኩ፤ ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ውኃ፣ ጠጅ ቤት እያልኩ። ቤቱ በባል ስም ሆኖ ለጉዳይ የምትመጣው ሚስት ስለሆነች የሚስቶች ደብተር መጣ። ቤቶቹ ከተወረሱም በኋላ ሰው በድሮ ባለቤታቸው ስም መጥራቱን አልተወም፤ ለዚያም ደብተር አወጣሁ። አምስተኛው በተከራዩ ሥራ ነበር። አናጢ፣ ሹፌር፣ አስተማሪ። በዚያ የጠየቀኝ ሰው አንድም አልነበረም፤ ደብተሩ ስለሚያምር ብቻ እጽፍበት ነበር። ታይፒስታችን ጥሩወርቅ በበሩ ባለፈች ቁጥር "ይኼ ልጅ ሚስት ሳያገባ ደብተር ይወልዳል" ትለኛለች።

እውነት ለመናገር ኮርቼ ነበር። ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፋይሉን ያገኛል። ከሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ስሜን ጠርተው የሚመጡ ነበሩ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። አንድ አዲስ ፋይል በገባ ቁጥር አምስት ቦታ መጻፍ አለብኝ። ሰኔ መግቢያ ላይ አዲስ ምዝገባ ታዘዘና ፋይል እንደ ዝናቡ ወረደብን። እጄ አልቻለም። ስለዚህ ፋይሉን በቁጥሩ ቦታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥና ስሙን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ነገ ደብተሮቹ ላይ እገለብጠዋለሁ እላለሁ። ነገ ሌላ ክምር ይዞ ይመጣል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጥቁር የለበሱ ሴት መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። ባላቸው ሐምሌ ላይ ሞተዋል። ቤቱ በሟቹ ስም ስለሆነ፣ ሚስት መሆናቸውን እስከ ነገ ዓርብ ካላስረዱ ለሌላ ተከራይ ይሰጣል። ማስረጃቸው አንድ የጋብቻ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱንም ባላቸው ሳይታመሙ እዚሁ ፋይሉ ውስጥ አስገብተውታል።

ደብተሮቼን አንድ በአንድ ገለጥኩ። የሉም።

"የለም እማማ" አልኳቸው።

"ደህና አድርገህ እየው ልጄ። አስገብቻለሁ ብሎኛል፤ እሱ አይዋሽም።"

ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅኩት ካዞርኩ በኋላ ነው። ቢኖር ኖሮ እዚህ ይኖር ነበር አልኳቸው። ጽሑፌን ብዙ ቆይተው አዩት።

"ይሁን" አሉ። "እሱ አያጣውም ብለው ነው ወዳንተ የላኩኝ። አንተ የለም ካልክ የለም።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መደርደሪያው ከጀርባዬ አራት እርምጃ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ዝናቡ ባለጉዳይ አስቀረልንና ቆርቆሮውን ገለበጥኩት። ከታች፣ እርጥበት ካጣበቃቸው ብጣሾች መሃል ስማቸው ወጣ። ፋይሉ በቁጥሩ፣ በቦታው፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል፤ የጋብቻ ወረቀቱም ውስጡ አለ።

ኮቴ ሥር ሸጉጬው ቁልቁል ወደ ኡራኤል ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል። ከዚያ ወዲህ በቆሎ አልበላም፤ ነሐሴ ሲመጣ ቤዛ ገዝታ ስታመጣልኝ ጥርስ የለኝም እላታለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለተኛው በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል። ሕፃን ያዘለች ሴት ወጣች። በፊት የነበሩት ሴት ቅዳሜ ዕለት ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ አለችኝ፤ ወዴት እንደሆነ አታውቅም። ጎረቤቶቹ ወደ ወንድማቸው፣ ወደ ገጠር ነው አሉ። የትኛው ገጠር እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ሴትየዋ ከኮቴ ሥር ብቅ ያለውን ፋይል አየችና ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አዘለችው።

"ልታስወጡን ነው ወንድሜ?"

አይደለም አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ስመለስ ለጋሽ ወልዴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ቆሏቸውን ማኘክ አቆሙና "መደርደሪያው ጋ ሄደህ ነበር?" አሉኝ።

"አልሄድኩም።"

"ድሮ ደብተር ሳይኖረን እንኳ፣ የለም ከማለታችን በፊት እጃችን አቧራ ይነካ ነበር።"

ከዚያ በኋላ እዚያው መዝገብ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። አምስተኛውን ደብተር ጣልኩት። ከደብተር "አለ" እል ነበር እንጂ "የለም" ብዬ አላውቅም፤ ለዚያ መሰላሉን እወጣለሁ። ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው ይላል ልጄ። ይሁን። እኒያን ሴት ግን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። በኡራኤል ባለፍኩ ቁጥር ፊት ሳይ ነው የኖርኩት፤ አሁን እሱም አድክሞኛል።

ቤዛን ጠየቅኳት፦ "ዛሬ አንድ በሽተኛ ቢመዘገብ አምስቱ ማውጫ ላይ ማነው የሚጽፈው?"

"ራሱ ይጽፋል አባባ።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው ማለቴ… ትንሽ ይዘገያል። ብዙ ጊዜ ሰከንድም አይሞላም። ሲጨናነቅ ግን ሊቆይ ይችላል።"

"በዚያ መሃል የመጣ ሰው ምን ይባላል?"

ጆሮዋ ላይ ያለውን ነቀለችው። "የለም ይባላል" አለች ቀስ ብላ።

ይህን የጻፍኩትን ሁሉ ያን ጊዜ ነገርኳት። ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ሰማችኝ። ማውጫው የለም ሲል ዋናውን መዝገብ ማገላበጥ እንደሚቻል ነገረችኝ፤ ግን ይንቀራፈፋል፣ አለቆቿም ወጪ በዛ ይላሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ የለም ለማለት ሲሆን ብቻ አልኳት። አምስተኛው ማውጫ ማን እንደሚጠይቅበትም ጠየቅኳት። ሳቀች፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀበትም አለች። ከዚያ ዞራ መጻፍ ጀመረች። ጋራዡ ሥራ አቁሞ ስለነበር የጣቷ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

እያሸለብኩ ሳለ ሳትዞር "ሴትየዋ ማን ይባሉ ነበር?" አለችኝ።

ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኳት። የባላቸውን ስም፣ አናጢነታቸውን፣ ግቢው በድሮ ጊዜ የማን እንደነበር፣ የወፍጮ ቤቱን ጀርባ፣ ሁለተኛውን በር፣ የፋይሉን ቁጥር። አንዱም አልጠፋኝም።