አይ ራህማ ከጓዳ የወጡበት ቀን

የልጅ ልጄ ማህሌት ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ጨርሳ መጣች። እንደኔ ነርስ ናት። ሥልጠናው የካንሰር ሕመምተኞችን ስለ መንከባከብ ነበር። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ ጫማዋን በእግሯ ገፍታ አውልቃ፣ ከሸዋ በር ገበያ የገዛችውን ዘይቱን ሳታጥብ መግመጥ ጀመረች። «እምዬ፣ ከዲግሪ በኋላ ደግሞ ተማሪ ቤት! ተቀምጬ እየዋልኩ ወገቤ ተቆረጠ» አለችኝ። ምን አስተማሯችሁ ብላት አፏን እንደ ሞላች ሳቀች። «ስለ ሽታ! ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ቁስል ሽታ ሲያወሩልን ዋሉ። ይህም ትምህርት ሆኖ!»

እኔም በሷ ዕድሜ ይህንኑ ብዬ ነበር። ያውም ከሷ ብሼ።

ነገሩ በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሐረር ከተመደብኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ነርስ መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በስታርች የደረቀ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጫማ ነው። በጀጎል ጠባብ መንገድ ሳልፍ አህያ ነጂው አህያውን ወደ ግንቡ ያስጠጋልኝ ነበር። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ምስጋናውን ለወጉ ያህል በትንሹ ጣል አድርጌ አልፋለሁ። ታዲያ ከአዲስ አበባ አንዲት ሲስተር መጥተው ለነርሶች ተጨማሪ ትምህርት ሊሰጡ ነው፣ እሱም ዛሬ ካንሰር ስለምትሉት ስለ ነቀርሳ ነው ሲባል ደሜ ፈላ። ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ደግሞስ ስለ ነቀርሳ ምን ትምህርት አለ? ሐኪሙ ከቻለ ይቆርጣል፤ ካልቻለ ቤተሰቡን ወደ ጎን ጠርቶ ይነግራል፤ እኛ ደግሞ ሕመምተኛውን «አይዞዎት» ብለን ወደ ቤቱ እንሸኛለን። የምናውቀው ይኸው ነበር።

ሲስተር ብርነሽ አጠር ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበሩ። ውጭ አገር ተምረዋል እየተባለ ይወራል፤ ከሳቸው አፍ ግን ስለ ውጭ አገር አንድ ቃል ሰምተን አናውቅም። መጀመሪያ ክፍል የገቡ ዕለት መጽሐፍ አልያዙም። የያዙት ሆን ብለው እስኪገማ ያቆዩትን የበሬ ሥጋ ነበር። አፍንጫችንን ስንይዝ እያዩን «በሉ እንግዲህ ይህን ሽታ አጥፉልኝ» አሉና በየቡድኑ ቆራርጠው አደሉን። አንዱ ቡድን በንጹሕ ጎዝ፣ ቁስል በሚታሰርበት ስስ ጨርቅ፣ ጠቀለለ። የኔ ቡድን ብልጥ ነን ብለን አንድ ብልቃጥ ሽቶ ጨረስንበት። ሌላው ማር ቀባ። እሳቸው ደግሞ ከሰል ወቅጠው፣ በሁለት ጎዝ መሃል እንደ ትራስ ሰፍተው፣ የራሳቸውን ቁራጭ ጥቅልል አደረጉና ሁሉንም በረንዳው ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ ስንመጣ ትምህርታችንን ጅብ በልቶት አድሯል። የሐረር ጅብ መቼ አጥር ያውቃል? ሽቶ የጨረስንበትን ሳይቀር ልቅም አድርጎ በልቶ፣ ከሰል የለበሰውን ብቻ ጥግ ላይ ትቶት ሄዷል። ሲስተር ብርነሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ ብነግራችሁ አታምኑኝም ነበር፤ ጅብ ግን ይሉኝታ የለውም» አሉ።

ሳቁ ሲያባራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ነቀርሳ የያዘው ሰው በሽታው ሳይገድለው እፍረቱ ይገድለዋል። ቁስሉ ላይድን ይችላል። እፍረቱ ግን ይድናል፤ እሱ የናንተ ሥራ ነው። እና የት ያምዎታል ከማለታችሁ በፊት፣ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ ብላችሁ ጠይቁ።» ከዚያ ለእያንዳንዳችን ቤቱ የተኛ አንድ ሕመምተኛ ሰጡን። በትምህርቱ ማብቂያ ላይ እየዞሩ ሥራችንን ሊያዩ ነው።

ለኔ የደረሱኝ አይ ራህማ ናቸው። «አይ» በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ የተከበረች ሴት ሁሉ እንዲህ ትጠራለች። ቤታቸው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። በሩ አጠገብ ከገጠር የመጡ ሴቶች ወተት፣ ከሰልና ሸንኮራ ይዘው ተደርድረዋል፤ ከማሽላው ማሳ የሚመጣው ነፋስ ቀሚሴን ያርገበግበዋል። አይ ራህማ ጡታቸው ላይ የወጣው ነቀርሳ አፍ አውጥቶ ቆስሏል። ሐኪሙ ዘግይቷል ብሎ መልሷቸዋል። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ ከጥንት የታወቀ ነው፤ የቤቱ እመቤትም የራሷ ቦታ አላት። አይ ራህማ ግን ቦታቸውን ትተው፣ ጓዳ ገብተው፣ መጋረጃ ጋርደው ተኝተዋል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ልጃቸው ነፊሳ በሩን በግማሽ ከፍታ «እናቴ ተኝታለች» ትላለች። የሚመላለሱት የአፎቻቸው ሴቶች ነበሩ። አፎቻ ማለት የሐረር ሰው እድር ነው፤ ሰርግም ሐዘንም ሲሆን ይሰበሰባል። አንዴ ሲመለሱ፣ ሁለቴ ሲመለሱ፣ በመጨረሻ ተቀየሙና ቀሩ።

የመጀመሪያው ቀን ልማድ ነውና «የት ያምዎታል?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሁለተኛው ቀን የሲስተር ብርነሽ ነገር ትዝ አለኝና አፍሬም ቢሆን «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ከዚያ «ነፊሳ ረመዳን ሳይገባ ትዳራለች» አሉኝ። «በሰርጓ ቀን ቦታዬ ላይ፣ ከሴቶቹ መሃል ልቀመጥ እፈልጋለሁ። ሞቱንስ አላህ ጽፎታል፤ ሽታው ነው የገደለኝ። የባሌ እህት በኔ ቦታ ልትቀመጥ ነው።»

አንጀቴን በሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲስተር ብርነሽን ትምህርት የራሴ ጉዳይ አደረግሁት። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻውን እሰጥና መድኃኒቱ እስኪሠራ ከነፊሳ ጋር በቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ እንጠጣለን። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ቁስሉን አጥባለሁ፣ ማር በስሱ እቀባለሁ፣ በላዩ የከሰሉን ትራስ አደርጋለሁ። ከሰሉን የምወቅጠው እኔ ነኝ፤ ፊቴ ጠቁሮ ስወጣ የሰፈሩ ልጆች ይስቁብኝ ነበር። ትራሱን የምትሰፋው ነፊሳ ናት። የሐረሪ ልጅ መርፌ ስትይዝ ማየት ነው! የሰርግ ልብሷን ጥልፍ ታስቀምጥና የእናቷን ጎዝ ታነሳለች፤ ያንን ትጨርስና ወደ ጥልፏ ትመለሳለች። ለሁለቱም የምትጠነቀቀው እኩል ነበር።

ሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ። መጀመሪያ ከመንገዱ፣ ከዚያ ከግቢው፣ በመጨረሻም ከጓዳው። ዋናው ክፍል ለሰርጉ በቀይ አፈር ተቀባ። አይ ራህማ ግን አልወጣም አሉ። «ሽታው ጠፍቷል» ስላቸው «ለኔ ብለሽ ነው» ይሉኛል። ነፊሳ ስትምልላቸው «ልጅ ለእናቷ ምን ትበል?» ይላሉ። ሁላችንም ይሉኝታ ይዞን የምንዋሽ መስሏቸዋል። ሰርጉ ደርሷል፤ ነፊሳ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች፤ እኔም ሥራዬ ሁሉ ውሃ የበላው መሰለኝ።

ሲስተር ብርነሽ ሥራዬን ሊያዩ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከሌላ አንድ ነርስ ጋር ሦስት ሆነን፣ ነጭ በነጭ ለብሰን በፈላና በር ገባን። ሲስተር ቁስሉን አዩ፤ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን አላስቻለኝም። «አይ ራህማ፣ ዛሬ ፈተናዬ ነው። አንዴ ወጥተው ቦታዎ ላይ ካልተቀመጡልኝ አስተማሪዬ ይጥሉኛል» አልኳቸው። ሲስተር ብርነሽ እንዲህ ያለ ደንብ አላወጡም ነበር፤ ነገሩ ገብቷቸው ግን ኮስተር ብለው «እውነቷን ነው» አሉ።

አይ ራህማ ትኩር ብለው አዩኝ። «ለአንቺ ብዬ ነው» አሉና እጃቸውን ሰጡኝ። ደግፈን ነደባው ላይ አስቀመጥናቸው፤ ነፊሳ ሻሻቸውን አስተካከለችላቸው። እናቷን እዚያ ቦታ ላይ ስታይ ግን አልቻለችም፤ እግራቸው ላይ ወድቃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።

ጀጎል ግንብ ለግንብ የተጣበቀ ሰፈር ነው። ነጭ የለበስን ሰዎች ተሰልፈን ስንገባ ታይተናል፤ አሁን ደግሞ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ጥቂት ሳይቆይ በሩ ተበረገደና የአፎቻው ሴቶች «ኢና ሊላሂ» እያሉ፣ አይ መርየምን አስቀድመው ገቡ። አይ መርየም የአፎቻው ትልቅ ናቸው። ምላሳቸው ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ሙሽራን በሰርጓ ቀን «አፍንጫሽ ትልቅ ነው» ያሉ ሴት ናቸው ይባላል። ቀና ሲሉ ሟቿ ነደባው ላይ ቁጭ ብለው ያይዋቸዋል።

 አንዷ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የሌላዋን እግር ረገጠች።

«መርየም፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉ አይ ራህማ።

«አንቺ ነሻ!» አሉ አይ መርየም። «ነጭ ለባሾቹ ሲገቡ አየን፤ ልጅሽ ስትጮህ ሰማን። አቦ፣ ካልሞትሽ ምን ያስለቅሳታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነኝ። ከመጣችሁ ግን ተቀመጡ።»

አይ መርየም መች ሊቀመጡ! ነደባው ላይ ወጥተው በአይ ራህማ አንገት ተጠመጠሙና «ስንቴ መጥቼ በር ዘጋሽብኝ! ምን በድዬሽ ነው?» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ በድንገት ቀና ብለው አፍንጫቸውን ወዲያ ወዲህ አዞሩ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አሉ።

 አይ ራህማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነፊሳም ለቅሶዋን አቋረጠች።

«ቀይ አፈር ነው!» ብለው ጮኹ አይ መርየም። «ግድግዳው እኮ ገና አልደረቀም! ሰርግ ሊደገስ ቤት ሲቀባ ለአፎቻው አይነገርም? እኛ የማን ነን?»

«ሌላስ?» አሉ አይ ራህማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሌላ የሚሸትሽ የለም? ወላሂ በይ።»

«ወላሂ ሌላ የለም። ምን ሊኖር ነው?»

አይ ራህማ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። እኔ፣ ልጃቸውና አስተማሪዬ ተሰብስበን ያላሳመንናቸውን፣ ለሙሽራ አፍንጫ እንኳ የማይመለሱት ሴት በአንድ አፍታ አሳመኗቸው። ሴቶቹም ለሐዘን መምጣታቸውን ረስተው ስለ ድግሱ ማውራት ያዙ። ማን እህል ያስፈጫል፣ ማን ሁልበት መረቁን፣ የአብሹን ሾርባ፣ ይሠራል፣ ከበሮው ከማን ቤት ይመጣል እየተባባሉ ቤቱን ገበያ አደረጉት።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ሲስተር፣ እኔ እኮ አላለፍኩም። ሴቶቹ በስህተት ባይመጡ ኖሮ አይ ራህማ ተመልሰው ጓዳ ይገቡ ነበር» አልኳቸው። ሲስተር ብርነሽ ከአንዲት ሴት ሸንኮራ ገዝተው፣ ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። «መምጣቱን በስህተት መጡ» አሉኝ። «ገብተው ያገኙት ግን ያንቺን ሥራ ነው። አልፈሻል።» ያን ያህል ኩሩ የነበርኩት ልጅ ነጭ ልብሴን ለብሼ አደባባይ ላይ ሸንኮራ እየጋጥሁ ሆስፒታል ገባሁ።

ለሰርጉ ተጠርቼ ሄድኩ። ጠዋት ቁስሉን አጥቤ አዲስ ትራስ አደረግሁላቸው። አይ ራህማ ሐምራዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦታቸው ላይ፣ ከግራም ከቀኝም ጉልበት ለጉልበት በገጠሙ ሴቶች መሃል ተቀምጠው ዋሉ። ነፊሳ ልትሸኝ ስትል እጃቸውን ስማ ተመረቀች። ሁልበት መረቁ እሳት ነበር፤ አፌ እስኪቃጠል በላሁ። አይ መርየም ሳህኔን ደጋግመው እየሞሉ «ብይ፣ ክሳትሽ ያስጠላል» ይሉኝ ነበር።

ይህን ስነግራት ማህሌት ዘይቱኑን በእጇ እንደያዘች ረስታዋለች። «ከዚያስ እምዬ፣ ዳኑ?» አለችኝ።

«አልዳኑም» አልኳት። «ረመዳኑ አልቆ ሰው ኢድ ሲያከብር አዩ፣ ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ልጃቸውን ግን ቦታቸው ላይ ሆነው ዳሩ።»

  በነርስነት ዕድሜዬ ድነው በእግራቸው የሄዱ ብዙ ሰዎችን አስታምሜያለሁ፤ የአብዛኞቹ ስምም መልክም ጠፍቶብኛል። በሥራዬ ተደስቼ ልተኛ ስል ግን በሐሳቤ የሚመጡልኝ፣ ያልዳኑት አይ ራህማ ናቸው።