ጀለቢያ ወለደች

ሸሕዲ ውስጥ ሙባረካን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። «የድመቷ ሴትዮ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን አይሏትም፤ ምላሷን ይፈሩታል። ሥራዋ ምግብ ማብሰል ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ሰሊጥ እርሻው ካምፕ ትወርዳለች፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ ለሚመጡት የቀን ሠራተኞች ቂጣና ሽሮ ታበስላለች፣ አዝመራው ሲያልቅ ድስቷን አጥባ ከተማ ትገባለች።

ካምፕ ያለ ድመት አይሆንም። አይጡ ጆንያ ይበሳል፣ አይጡን ተከትሎ እባብ ይመጣል። ስለዚህ ዘሩ በትራክተር ሲወርድ ድመትም አብራ ትወርዳለች። ሰሊጡ ተራግፎ ሲጫን ግን ስለ እሷ የሚያስብ የለም። ሠራተኛው አገሩ ይገባል፣ ትራክተሩ ይመለሳል፣ ባዶው በርሚል እንኳ ተጭኖ ይሄዳል። ድመቷ ከራኩባው፣ ከዚያ ከሣር ዳስ ሥር ትቀራለች። ውኃ የለ፣ ፍርፋሪ የለ፤ ከጥር ወዲያ ደግሞ የሣሩ ቃጠሎ አለ። ሲያገለግል የከረመ ሰው እንዲህ ቢጣል ስንት ሽማግሌ በተቀመጠ ነበር። ድመት ስለሆነች ዝም ተባለ።

ሙባረካም ብዙ ዓመት ዝም ካሉት አንዷ ነበረች። አንድ ዓመት ግን የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ተቀምጣ ከካምፕ ስትወጣ፣ አንዲት ድመት አቧራውን እየሰነጠቀች ስትከተላቸው አየች። አንጀቷ አልችል አለ። «አቁም! አቁም ብዬሃለሁ!» ብላ ጮኸች። ትራክተሩን ያስቆመላት ፈረደ ነው።

ፈረደ የእርሻው ባለቤት ወኪል ነው፤ ካምፑን የሚመራው እሱ ነው። የደምቢያ ሰው ነው፣ ሳቂታ፣ ለሰው እሺ ማለት የሚወድ። አንድ ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሳለ ወባ ጣለው። ያን ጊዜ ውኃ በማንኪያ እያጠጣች፣ ላቡን እየጠረገች ያተረፈችው ሙባረካ ናት። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» ይላታል፤ ለሰው ሲያስተዋውቃት «የእናቴ ልጅ ናት» ነው የሚለው። እሷም የምታምነው ሰው ቢባል ከእሱ ሌላ አልነበራትም። ሌላው ሰው በድመቶቿ ሲስቅ፣ ፈረደ ድመቶቹ ያሉበትን ጆንያ ይዞ ያሸክማታል።

እንዲህ እንዲህ እያለች በየዓመቱ የራሷን ካምፕም የጎረቤቶቹንም ድመቶች እየሰበሰበች፣ በአከራይዋ በየዓለምወርቅ ግቢ የተከራየችውን አንድ ክፍል ሞላችው። የሱዳን ደረቅ ዓሣ እየቀቀለች ታበላቸዋለች። ከሁሉም ጀለቢያን ትወዳለች። ለዓርብ ስግደት እንደሚለበሰው ረጅም ቀሚስ ነጭ ስለሆነ ነው ጀለቢያ ያለችው። ጆሮው በጠብ የተቦጨቀ አውራ ነው። ግን በእኛ አፍ ድመት ምንጊዜም «እሷ» ናት፤ ማን ጅራት ገልጦ ያያል? ሙባረካ ራሷ «ጀለቢያ፣ ነይ እናቴ» እያለች ነው የምትጠራው፤ እሱም ሳያፍር ይመጣል።

ዘንድሮ ጥር ላይ የየዓለምወርቅ ጫጩቶች ማለቅ ጀመሩ። ጭልፊት ይሁን ድመት አላህ ይወቅ። የዓለምወርቅ ግን ፍርዷን ቀድማ ሰጥታ ነበር። «ወይ ድመቶቹ ይውጡ፣ ወይ አንቺ ውጪ» አለች።

ሙባረካ ወደ ፈረደ ሄደች። ሌላ ወዴት ትሂድ? ፈረደ ራሱን አከክ አደረገና ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ አታስቢ። አብርሃ ጅራ ከተማ የሰሊጥ መጋዘን ያለው ወዳጅ አለኝ። አይጥ ፈጀኝ እያለ ድመት ሲያፈላልግ ነው የከረመው። በየቀኑ ወተት ይሰጣቸዋል።»

«ሁሉንም ይወስዳል?»

«ሁሉንም። እኔው በፒካፑ አደርሳቸዋለሁ።»

በነጋታው መኪናውን በር ላይ አቆመ። ድመቶቹ ግን ለእሱ እጅ አልሰጡም፤ አንዷ ቧጨረችው፣ አንዷ አልጋ ሥር ገባች። ሙባረካ «ተወኝ፣ እኔን ነው የሚያምኑት» አለች። ዓሣ ይዛ እያባበለች፣ በየስማቸው እየጠራች፣ አንድ በአንድ ጆንያ ውስጥ አስገባቻቸው። ጀለቢያ ሲገባ እጇን ላሳት። የጆንያውን አፍ ራሷ አሰረች።

«አደራ፣ ፈረደ።»

«አደራሽን ብበላ ምድር ትዋጠኝ!» አለ፤ ደረቱን እየመታ።

ከዚያ ወዲያ ሙባረካ በዜና ኖረች። ፈረደ ሸሕዲ በመጣ ቁጥር ጎራ ይላል፤ እሷም ድመቶቹን ሳትጠይቅ ውኃ አታቀምሰውም። ጥሩ ናቸው፣ ወፍረዋል፣ ባለ መጋዘኑ ስምሽን እየጠራ ይመርቅሻል ይላታል። አብርሃ ጅራ ሩቅ ነው፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ይዘጋል፤ ሄዳ የምታይበት ነገር አልነበረም። ማታ ማታ ባዶዋን ክፍል እያየች ሆዷ ሲባባ፣ ወተቱን ታስብና ትጽናናለች።

ሚያዝያ ላይ ደጃፏ ተቀምጣ ሰሊጥ ስታበጥር ፈረደ መጣ። ገና ከሩቅ እየሳቀ ነው።

«እትዬ! የምሥራች! ጀለቢያ ወለደች!»

«ማሻአላህ!» አለች ሙባረካ፤ አፏ ነው ያለው።

«ግልገሎቹ እሷኑ ነው የሚመስሉት፤ ነጫጭ! ባለ መጋዘኑ በደስታ ሊሞት ነው።»

ወንፊቷ እጇ ላይ ቆመ። ፊቱን አየችው። ዓይኑ እንኳ አልተርበደበደም፤ ደስ ያለው ነበር የሚመስለው። እሷን ደስ ያሰኘ መስሎት የእውነት ደስ ብሎታል። ሙባረካ ያን ሁሉ ወር የሰማችውን አንድ በአንድ አሰበችው፤ ወፍረዋል ያለውን፣ ወተቱን፣ ምርቃቱን። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላው ምን ቀረው?

«የት ነው የጣሏቸው?» አለች።

ፈረደ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጥያቄው ብቻ አይደለም ያስደነገጠው። ያን ሁሉ ዘመን «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት አንቱ ብላዋለች፤ እንደማያውቁት ሰው።

«እትዬ ደግሞ፣ ምን ሆንሽ…»

«ጀለቢያ አውራ ነው፣ አቶ ፈረደ። አውራ ድመት የሚወልድበትን አብርሃ ጅራ ይንገሩኝ፣ እኔም ልሂድና ልይ።»

ፈረደ ኮፍያውን አወለቀ። ወዲያ ወዲህ አየ፤ የሚሸሸግበት ቃል እየፈለገ ነበር። ከዚያ ተናገረ። ባለ መጋዘን የሚባል ወዳጅ የለውም። ያን ቀን የዓለምወርቅ ሙባረካን ልታስወጣት መሆኗን ሲሰማ፣ ደግሞም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሲያይ፣ ያንን ነገር ድንገት ተናገረው። ከተናገረው በኋላ መመለስ አፈረ። መንገድ ላይ ድመቶቹ ጆንያ ውስጥ ሲጮኹበት ጨነቀውና፣ ወደ እርሻው ታጥፎ ካምፑ ላይ ፈታቸው።

«ባዶው ካምፕ ላይ? በጥር?»

«ያደጉበት ነው ብዬ ነው እትዬ። እምቢ ማለት ከበደኝ። ፊትሽን እያየሁ አይሆንም ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ እውነቴን ነው የምልሽ።»

«አይሆንም ቢሉኝ ኖሮ ሌላ ቤት እፈልግ ነበር። ቤት ባጣ ሜዳ ላይ ከእነሱ ጋር አድር ነበር። እርስዎ ግን ፊቴን አይተው አዘኑልኝና እነሱን ገደሏቸው። እኔንም መቀለጃ አደረጉኝ።»

ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እሷ ግን አላዘነችለትም። ቢመታት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ለጠላት መልስ አላት። በፍቅር ለዋሸ ሰው ምን ይባላል? ወንፊቷን አንሥታ ገባችና በሯን ዘጋች።

ሰሎሞን የሚባል የትራክተር ሹፌር በማግስቱ የተረፈ ማሽላ ሊጭን በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር። ለመነችው። ተሳቢው ላይ ከደረቅ ዓሣዋና ከአንድ ባዶ ጆንያ ጋር ወጣች። ሣሩ እስከ አድማስ ተቃጥሏል፤ ምድሩ ጥቁር ነው። ካምፑ ጋ ሰሎሞን አወረዳትና «ጭኜ ስመለስ እወስድሻለሁ» ብሏት አለፈ።

ከራኩባው እኩሌታው ነድዶ ወድቋል። ጉልቻዋ ግን እንዳለ ነው። «ውሮ! ውሮ!» እያለች ዞረች። ስማቸውን ሁሉ ጠራች። ማንም አልመጣም። ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ የድመት ፀጉርና አጥንት አየች፤ የማን እንደሆነ ልትለይ አልሞከረችም። ተቀምጣ አለቀሰች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከወደቀው ሣር ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነጭ ነበር ማለት ይቻላል፤ አሁን አመድ መስሏል። ጆሮው ግን ያው የተቦጨቀው ነው።

«ጀለቢያ! ነይ እናቴ!»

ድምፅዋን ለየው። አንድ እግሩን እያነከሰ ቀረበ፣ ቆመ። ዓሣውን ወረወረችለት፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳይነቅል በላ። ሌላ ወረወረች፣ ሌላም፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው እስኪመስላት ድረስ ቀረበ። ይህ አንዱ እንኳ ከተረፈላት ሌላውን ሁሉ ልትችለው ነው። ቀስ ብላ ከጎኗ ጆንያውን ሳበች።

ጆንያው ኮሽ አለ። ጀለቢያ ፀጉሩ ቆመ፣ ወደ ኋላ ዘለለ፣ እያነከሰ ጥቁሩን ሜዳ አቋርጦ ሮጠ።

ጆንያውን ወርውራ ተከተለችው። ባዶ እጇን እያሳየች ጠራችው። ርቆ ቆሞ አያት። አንድ እርምጃ ስትጠጋ አንድ እርምጃ ይርቃል። የቀረውን ዓሣ መሬት ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ብትመለስም አልነካውም።

ትራክተሩ መጣ። ሰሎሞን ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃት፣ ኋላም ወርዶ መጣ። ድመቱን አየ፣ እሷን አየ።

«እምቢ አለች?» አላት።

«እሷ ምን ታድርግ» አለች ሙባረካ። «ጆንያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»