ከነጩ ግድግዳ ፊት

ወለንጪቲ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤታችን ካሜራ እጄ ገባ። ከዚያ በፊት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የስንብት ፎቶ የሚያነሳው ከአዳማ የሚመጣ ባለ ስቱዲዮ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ የትምህርት ቤቱ ስም በተጻፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት ይቆማሉ፤ ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ በኮምፒውተር ያነጣዋል። አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ይዘው መጥተው፣ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። በዓመቱ፣ እኔ ላንሳ አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ካሜራውን ከቁም ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ።

«አውቶ ላይ ነው፤ ሁሉን ራሱ ያስተካክላል። ማዞሪያውን እንዳትነኪው» አሉ። «የትምህርት ቤቱም ስም ይታይ። ስም የሌለበት ፎቶ አይታደልም።»

«ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ባነሳቸውስ ጋሼ?»

«ግድግዳው ጋ አልኩሽ።»

ሁለት ተማሪዎች ግድግዳው ፊት አቁሜ በአውቶ ሞከርኩ። ስሙ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ልጆቹ ጥላ መስለዋል።

«ቲቸር፣ የምታነሺው እኛን ነው ግድግዳውን?» አለች አንዷ።

«ጉራቻ፣ እንደ ከሰል» አለች ጓደኛዋ፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለቷ ነው።

«አንቺስ ብዙም አልተለወጥሽም» አለቻት የመጀመሪያዋ።

ማስረዳት ስለምወድ ለእነሱ ያልኩትን እዚህም ልድገመው። ካሜራ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርሃን ነው። የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ሲያይ፣ ብርሃኑ በዛ ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ባለ ስቱዲዮው በልጆቹ መልክ ያመካኝ ነበር። ልጆቹ መልካቸው ምንም አልጎደለውም።

ማዞሪያውን ወደ ኤም አዞርኩት። እዚያ ላይ ካሜራው አይወስንም፤ የያዘው ሰው ነው የሚወስነው። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ ዝቅ አድርጌ፣ የሌንሱንም ቀዳዳ አንድ ቦታ ላይ አቁሜ ተውኳቸው። ሁሉን ባንዴ የሚነካካ ሰው የቱ እንዳበላሸበት አያውቅም። የቀረኝ ሻተሩ ነበር፤ ብርሃን እየከፈተ የሚያስገባው ማለት ነው። እሱን ትንሽ ትንሽ አዘገየሁት። ሻተር ሲዘገይ ፎቶ ስለሚደበዝዝ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ደገምኩ። ፊታቸው እየበራ መጣ፤ በአንደኛዋ አገጭ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ ታየች። ግን ፊታቸው በበራ ቁጥር ግድግዳው እየነጣ ሄደ፤ ፊደሎቹም ጠፉ።

ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት አልቻልኩም። ፊታቸውን መረጥኩ፤ የቀሩትንም እንደዚያው አነሳሁ።

በሌላ ቀን ከሰዓት፣ ርዕሰ መምህሩ አንዱን የታተመ ፎቶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው አዩት።

«ስሙ የታለ?»

«ፀሐይ በላው ጋሼ። በጀርባው በእጄ ጽፌዋለሁ።»

«ማዞሪያውን ነክተሻል።»

«አዎ፣ ነክቻለሁ።»

«እንግዲያው ይሄ አይታደልም። ባለ ስቱዲዮው ይጠራል።»

«ታድሏል። ጠዋት ከአዳማ አሳትሜ እንደመጣሁ ለሁሉም ሰጥቻለሁ። መሰብሰብ ከፈለጉ ቤት ለቤት መዞር ነው።»

አልዞሩም። ዘንድሮ ግን ካሜራውን ለሌላ መምህር ሰጡት። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ሻተር ማዘግየት አስተማርኩት።